ለኦኒ የተሰፋው ጃኬት

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፤ እኔ ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ስሜን ጠርቶ የተሰወረ ሰው ሰማሁ የሚል ሲመጣ መቀሴን እንኳ ሳላስቀምጥ የምስቅ ሴት ነኝ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቦርከና ወንዝ ዳር ነጭ ለብሳ የምትታጠብ ሴት አየሁ ብሎ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሲምልልኝ፣ ጫትህን ቀንስ ብዬ ነው ያሰናበትኩት። ስለዚህ የማወራችሁን እንደ ተረት የምትሰሙ ከሆነ ከአሁኑ ተዉት፣ እኔም ሥራ አለኝ።

ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ዘሀራ እባላለሁ፣ ደንበኞቼ እት ዘሀራ ይሉኛል፣ ዞር ስል ደግሞ አፏ ከመቀሷ ይስላል እያሉ ያሙኛል፣ እውነታቸውን ነው። ባሌ ሞቷል፣ አላህ ይዘንለት፣ ልጅ አልወለድንም። ወንድሜ ሰንበቴ ገበያ ላይ ፍየል ይነግዳል፣ አንዲት ልጁን ሀያትን ከሚሴ ትማርልኝ ብሎ እኔ ዘንድ ያመጣት እሱ ነው፣ ሲያመጣትም በሩ ላይ ቆሞ «አደራ እህቴ፣ እንዳመጣኋት ነው የምቀበልሽ» አለኝ፣ እየሳቀ ነበር፣ እኔ ግን አደራ ሲሉኝ ሆዴ አይወደውም። ልጅቷ ያኔ ጉንጯ ሙሉ፣ ሳቋ ከጓሮ የሚሰማ፣ ከእኔ ሳህን ላይ ሳይቀር ሥጋ የምትሰርቅ ነበረች።

ጣጣው የመጣው በስልክ ነው። ከኮሪያ ናቸው አሉኝ፣ በቡድን ሆነው የሚዘፍኑ ሴት ልጆች፣ የቡድኑን ስም አልጠራላችሁም፣ ምላሴም አይገዛውም። እመኑኝ፣ ፊታቸውን ለመለየት ሞክሬ አቅቶኛል፣ ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ናቸው፣ ያው ቆዳ፣ ያው አፍንጫ፣ ያው እንደ ታዘዘ የሚመጣ ሳቅ። አንዷ ሦስት ቃል ትዘፍንና ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣና ጣቷን ልብ አስመስላ ታሳያለች፣ እሷም ትሄዳለች፣ አንዲት ዘፈን ለመጨረስ ይህ ሁሉ ሰልፈኛ። እኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ በአንድ ድቤ መንዙማ ይዞ ቤት ሙሉ ሰው ያስለቅሳል፣ ያውም ፀጉሩን ሮዝ ሳይቀባ።

እነሱስ እሺ፣ እንጀራቸው ነው፣ የተከታዮቻቸው ነው የባሰው። ሀያትና ሦስት ጓደኞቿ ልደት ያከብሩላቸዋል፣ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ሻማ ያጠፋሉ፣ ባለልደቷ ግን ባሕር ማዶ ናት፣ ከሚሴ የምትባል ከተማ መኖሯንም አታውቅ። ቁመታቸውን ያውቃሉ፣ የሚወዱትን ቀለም ያውቃሉ፣ የደማቸውን ዓይነት ሳይቀር ያውቃሉ፣ ወላሂ፣ የደም ዓይነት! የአባትሽ ደም ምንድን ነው ብዬ ሀያትን ብጠይቃት አታውቀውም።

ከሁሉም ደግሞ አንዷን ያመልኳታል ብል ኃጢአት እንዳይሆንብኝ እንጂ ሌላ ቃል የለኝም። ኦኒ ይሏታል፣ በዚያ አገር ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው አሉኝ። ኦኒ አሁን ከቡድኑ ጋር የለችም፣ ኩባንያው ለጤናዋ እረፍት ላይ ናት ብሎ አንድ ወረቀት አወጣና ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ሀያት አንድ ቀን የወደቀችበትን ቪዲዮ አሳየችኝ፣ መድረኩ መሀል ስትጨፍር ቆይታ ጉልበቷ ከዳትና ተዘረረች፣ ሌሎቹስ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል፣ ምንም፣ እየሳቁ በዙሪያዋ ጭፈራቸውን ቀጠሉ፣ አንዷ እንዲያውም በላይዋ ተሻገረች። ኩባንያው በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያወጣቸዋል አሉ፣ የጨመረች ቀኑን ሙሉ ውሃ ብቻ ትጠጣለች። ፍየል እንኳ ሰንበቴ ገበያ ስትቀርብ የምትመዘነው ወፈረች ተብሎ ነው፣ ወንድሜ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር እያልኩ ሳቅሁ።

ከረመዳን በፊት አራቱ ልጆች ለዒድ አንድ ዓይነት ጃኬት ስፊልን ብለው መጡ፣ አጭር፣ ብርማ ሳቲን፣ ዚፑ ፊት ለፊት። ጨርቁን ከባቲ አስመጣሁ። የአራቱን ልኬት በሜትሬ ወሰድኩ፣ የሀያትም ያኔ ደህና ልኬት ነበር፣ የገጠር ቅቤ ያደገበት ወገብ። ከዚያ ሀያት አምስተኛ አለ አለችኝ። የማን ብዬ ዞር ዞር ብል ሌላ ሰው የለም፣ የኦኒ ነው አለችኝ፣ በዒድ ቀን ፎቶ ሲነሱ ወንበር ላይ ያኖሩላታል፣ ሲጨፍሩም ቦታዋን ክፍት ትተው ነው፣ ልኬቷም ስልኩ ላይ አለ።

እኔ ሥጋውን በእጄ ሳልነካው ለማንም ቆርጬ አላውቅም፣ የመጣ ሰው ይለካል፣ ያልመጣ ልብስ የለውም፣ ሥራዬ እንዲህ ነው። ግን ጨርቁ ይተርፍ ነበርና የልጅ ነገር ብዬ እሺ አልኩ። ወገቡን ስትነግረኝ ተሳስተሻል፣ ይህ የሕፃን ልጅ ወገብ ነው አልኳት፣ አልተሳሳትኩም አለችኝ፣ እንዲያውም እንደሚሉት አሁን ከዚህም ቀንሳለች ብላ ዓይኗ በራ። ያቺን የዓይን ብርሃን ያኔ ልብ ልላት ይገባኝ ነበር።

ጃኬቱን ሰፍቼ ጥጉ ላይ፣ ደንበኛ የሚለካበት መጋረጃ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ጥጉ ሌላ በር የለውም፣ ከኋላው ግድግዳ ነው። ሀያት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ጋደም ማለት ትወዳለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንጠልጠያው ግድግዳውን ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመረ፣ ነፋስ የለ፣ ምን የለ፣ እኔ ወደ ደሴ የሚያልፈው የጭነት መኪና ነው የሚያናውጠው ብዬ ተውኩት። ጠዋት ስከፍት ዚፑ ተከፍቶ አገኘዋለሁ፣ ማታ ዘግቼው ነበር፣ ሀያት ናት ብዬ ተውኩት። ለነገሩ ሁሉ አንድ ሰበብ አገኝለት ነበር፣ ጭንቅላቴ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ረመዳን ገባ። እናንተዬ፣ ላለመብላት ለቆረጠች ልጅ ከረመዳን የተሻለ መደበቂያ የለም፣ ቀኑን ማንም አይጠይቅሽ፣ ከንፈርሽ ቢደርቅ ጾም ነው፣ ብትደክሚ ጾም ነው። መግሪብ ሲደርስ ጓደኛዬ ጋ ነው የማፈጥረው ትለኛለች፣ ጓደኛዋ ጋ ደግሞ አክስቴ ትጠብቀኛለች ትላለች፣ ጎህ ሳይቀድ ለሰሁር ምግብ ስቀሰቅሳት በልቻለሁ ብላ ተሸፋፍና ትተኛለች። እኔ ደግሞ የዒድ ሥራ አናቴ ላይ ወጥቶ ቀና ብዬ አላየኋት። ያወቅሁት ጃኬቷን ስትለካ ነው፣ በልኳ የሰፋሁት ልብስ እላይዋ ላይ እንደ ጆንያ ተንጠለጠለ። ሜትሬን ወገቧ ላይ ዞር አደረግሁ፣ ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው ጃኬት ልክ ልትደርስ ምንም አልቀራትም።

ደብተሯን በምትይዝበት ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ሳምቡሳዎቼን አገኘሁ፣ በሶፍት ተጠቅልለው፣ ሻግተው። ጮህኩባት፣ ለመንኳት፣ ስልኩን ነጠቅኳት፣ መለስኩላት። አለቀሰች እንጂ ሌላ ነገር የለም። «አዳዳ፣ ጾም ነው» ትለኛለች፣ እኛ ዘንድ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፣ ድምፅዋ ግን ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለኝ። ኦኒ ምንም ሳትበላ እኔ እንዴት እበላለሁ ብላ አንድ ጊዜ አመለጣት። ስለዚያች ልጅ ያልተናገርኩት ክፉ ቃል የለም፣ የማላውቃትን ሰው እንዲህ ጠልቼ አላውቅም፣ ወንድሜ ለዒድ ይመጣል፣ ይህችን አጥንት ነው የማስረክበው?

እንግዲህ ያቺ ማታ። ረመዳን ሊያልቅ ነበር፣ መብራት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ሀያት ጓደኛዋ ጋ ልታፈጥር እንደሄደች ነው የማውቀው፣ እኔ በእግር በምትረገጠው የስፌት መኪናዬ፣ ባትሪውን አጠገቤ አድርጌ፣ የአንድ ሰውዬ ሱሪ እያጠፍኩ ነኝ። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌዋለሁ። በዚያ ሰዓት ከሚሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ባጃጅ እንኳ ይጠፋል፣ ሰው ሁሉ ምግቡ ላይ ዓይኑን ተክሎ አዛን ይጠብቃል። አዛኑ አለ፣ መኪናዬን አቆምኩ፣ ቴምሩን፣ ሾርባዬን፣ ሳምቡሳዬን አቀረብኩ፣ ቢስሚላህ ልል አፌን ስከፍት ነው የሰማሁት።

ሆድ ነው። የተራበ ሆድ ድምፅ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ያ ረጅም፣ ሰው የሚያፍርበት ጉርርታ። ከመጋረጃው ጀርባ ነው የመጣው። የእኔ መሰለኝና ሆዴን ያዝኩ፣ የእኔ አይደለም፣ ደግሞ መጣ፣ ከበፊቱ ረዘም ብሎ። ሀያት ናት አልኩ፣ ጓደኛዋ ጋ አልሄደችም፣ እዚህ ቁርጥራጩ ላይ ተኝታ ትሞትብኛለች። ተናደድኩ፣ ደግሞም አዘንኩላት።

አሁን የማወራችሁ ነገር የተሳሳትኩበት ቦታ ነው፣ ግን ማናችሁም ብትሆኑ ይህንኑ ታደርጉ ነበር። በእኛ አገር አዛን ሲል አጠገብህ ያለ ሰው ሳይጠራ አፍህ ውስጥ ነገር አይገባም፣ መንገደኛ ቢሆን፣ የተጣላኸው ቢሆን፣ ፊቱን ያላየኸው ቢሆን ትጠራዋለህ። እኔም ሳላስብ፣ እናቴ በር ላይ ያለፈውን ሁሉ ስትጠራበት በነበረው አጠራር፣ «ቢስሚላህ፣ ኮቱ ኛዹ» አልኩ፣ ነይ ብይ ማለት ነው በኦሮምኛ። ተነስቼ ብሄድባት እንደምታለቅስ፣ ካለቀሰች እንደማትበላ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አላየሁሽም ለማለት ያህል ፊቴን ወደ መኪናዬ አዙሬ የሳምቡሳውንና የቴምሩን ሳህን በመጋረጃው ሥር ገፋ አደረግሁት።

ሳህኑ ሲሚንቶውን እየፋቀ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ አይደለሁም የገፋሁት፣ እጄን አንስቼ ነበር።

ከዚያ የሳምቡሳ መሰበር ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አፉን በእጁ ሸፍኖ እንደሚበላ ሰው፣ ቀጥሎ ፈጠን፣ ፈጠን እያለ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም፣ አልሀምዱሊላህ እያልኩ ያስቀረኋትን አንድ ቴምር አላመጥኩ። ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ብይ፣ ማንም አያይሽም» አልኳት። «ያቺ ኦኒሽ እኮ ነይ ብይ የሚላት አንድ ሰው ብታገኝ ትበላ ነበር። እናት የላትም? አክስት የላትም? ስትወድቅ የሚያነሳት ጠፍቶ በላይዋ የሚጨፈርባት፣ እሷ ነች የምታስቀናሽ?»

መብላቱ ቆመ። ከዚያ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማሁ፣ ልቅሶ ነው፣ ግን ድምፅ ላለማሰማት የተለማመደ ሰው ልቅሶ። የሀያትን ልቅሶ አውቀዋለሁ፣ ሀያት ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። በመሀሉ የሱቁ በር ተገፋ፣ የስልክ መብራት ዓይኔ ላይ በራ፣ «አዳዳ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ ሀያት፣ ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ አቧራ የለበሰ ጫማዋን እንዳደረገች።

እንዴት ተነስቼ መጋረጃውን እንደገለጥኩት አላውቅም። ሰው የለም። ጃኬቱ ሚስማሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፣ ዚፑ እስከ ታች ተከፍቷል፣ ብብቱን ስነካው ሞቅ ያለና እርጥብ ነው፣ ደንበኛ ለክቶ አሁን እንዳወለቀው ልብስ፣ ይህን በሕይወቴ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ፣ አልሳሳትም። ሳህኑ ባዶ ነው፣ የቴምሮቹ ፍሬዎች በጠርዙ ላይ አንድ ባንድ ተደርድረዋል። ድመት ነው በሉኝ፣ እኔም ለራሴ ብዬ ነበር፣ ፍሬ የምትደረድር ድመት ካያችሁ ንገሩኝ።

ሀያት አልፈራችም፣ ያስፈራኝ እሱ ነው። ሳህኑን አይታ፣ ጃኬቱን አይታ፣ «በላች» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ቁርጥራጩ ላይ ተቀመጠች፣ ሾርባዬን አነሳች፣ እስከ ታች ጠጣችው፣ የቀረ ዳቦ ነበር፣ እሱንም በላችው። አልከለከልኳትም፣ አልጠየቅኳትም፣ ቆሜ አየኋት ብቻ።

በማግስቱ መስጊዱ ጋ የምናከብራቸውን ሸኽ አግኝቼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ፣ በረመዳን ክፉ መንፈስ ቤት ይገባል ወይ አልኳቸው። ሰይጣን በረመዳን ታስሯል፣ ምን አገባው አሉኝ። ታዲያ ሰይጣን ያልሆነ፣ የማይታይ፣ ደግሞም የሚራብ ምንድን ነው ብዬ ልጠይቅ አስቤ አፈርኩ፣ ጫትሽን ቀንሺ እንዳይሉኝ።

ወንድሜ ለዒድ መጣ፣ ጾሙ ነው ያከሳት ብዬ አለፍኩት፣ አመነኝም አላመነኝም ለአረፋ ስመለስ ግን ጉንጯን ልየው ብሎኝ ሄደ። ልጆቹም ፎቶአቸውን ተነሱ፣ ጃኬቱ ወንበር ላይ፣ እነሱ በዙሪያው፣ ያንኑ የታዘዘ ሳቅ እየሳቁ። ልቁረጠው፣ ልቅደደው፣ ምድጃ ውስጥ ልክተተው ብዬ ስንት ጊዜ መቀሴን አንስቻለሁ። ግን ሀያት የምትበላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማታ ማታ ሱቅ ዘግቼ ቤት ስገባ ሳህኗ ፊት ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፣ «በላች?» ትለኛለች፣ በላች ስላት ትበላለች። ስለዚህ እኔ ዘሀራ፣ ፊታቸው ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው እያልኩ የማፌዝባቸው፣ መግሪብ በደረሰ ቁጥር ለአንዷ ሳህን አቀርባለሁ፣ ኮቱ እላለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ ሳህኑ ሲፋቅ እሰማለሁ። የሀያት ጃኬት አሁን ልኳ ሆኗል። ምስኪን ዘሀራ ብላችሁ ሳቁብኝ፣ እኔም በሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ሳህኑ አልተንቀሳቀሰም። ጠራሁ፣ ዝም። ደግሜ ጠራሁ፣ ማንጠልጠያውም ዝም፣ መጋረጃውን ገለጥኩት፣ ጃኬቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው፣ ሳህኑ ላይ ያለው የወጥ ቅባት ረግቷል። እፎይ ልል ይገባኝ ነበር፣ አላልኩም፣ ቤት ያለችውን ልጅ ነው ያሰብኩት፣ ሳህኗ ፊት ተቀምጣለች፣ ወንድሜ ለአረፋ ሊመጣ ነው። ሀያት ደግሞ ውሸቴን ከዓይኔ ታነባለች፣ ባዶ ሳህን በእጄ ካልያዝኩ አታምነኝም። እና ቁጭ አልኩና የእንግዳዬን ምግብ እኔው በላሁት፣ ጨለማ ውስጥ፣ እየተጣደፍኩ፣ ጣቴን እስክልስ ድረስ።

የመጨረሻውን ጉርሻ ገና አልዋጥኩትም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆድ ጮኸ።

ያንን ድምፅ ቀደም ብዬ ሰምቼዋለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ግን አልሰማሁትም፣ ረጅም ነው፣ አያቆምም፣ ቅርብ ነው። ሱቁ ውስጥ የቀረ አንድ ቁራሽ ነገር አልነበረም። አፌን በእጄ ሸፍኜ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ያላመጥኩትን ዋጥኩትና ባዶውን ሳህን ይዤ ወጣሁ፣ በሩንም ቆልፌው ይሁን አይሁን አላስታውስም። ቤት ስደርስ ሀያት ቀና ብላ «በላች?» አለችኝ። በላች አልኳት። ሳህኑን አየች፣ ከዚያ ከንፈሬን፣ ከንፈሬ ላይ ያለውን ቅባት አየች፣ እጇን ከምግቡ ላይ አነሳች።